ምዕራፍ አምስት፦ ባዶው ቤት

ዘይቤ የሚባለውን ነገር አብዛኞቻችን የተዋወቅነው ፈተና ላይ ነው። ከላይ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፤ ከሥሩ «በስንኞቹ ውስጥ ያለው ዘይቤ የትኛው ነው?» ይላል፤ ከዚያ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። «እንደ» የምትል ቃል ካየን ተነጻጻሪ ብለን እናከብባለን፤ ድንጋይ ከተናገረ ሰውኛ፤ ነገሩ ከመጠን ካለፈ ግነት። ደወል ይደወላል፣ ወረቀቱ ይሰበሰባል። ስንኙ ለምን እንዲያ እንደተባለ የጠየቀን የለም። የአናጢን ዕቃዎች ስም በቃሉ ይዞ አንዲት ምስማር መትቶ የማያውቅ ሰው ሆነን ወጣን።

በዚህ ምዕራፍ ከስሙ ይልቅ ሥራውን እንይ። ለዚህ የሚሆኑ ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች እንያዝ፦

«ልጇን ቦሌ ሸኝታ ተመለሰች። ቤቱ ባዶ ነው።»

እናት ናት። ልጅቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች። ስለ ኀዘን አንድም ቃል አልተነገረም፤ ዜና አንባቢ እንኳ ሊያነበው የሚችል ደረቅ ነገር ይመስላል። ይህን ቤት በእያንዳንዱ ዘይቤ በር እየገባን እንየው፤ በየበሩ የሚታየው የተለያየ ነው።

ከመግባታችን በፊት ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ዘይቤ» ከግእዝ የመጣ ነው። «ይቤ» አለ ማለት ስለሆነ «ዘይቤ» ያለው፣ የተናገረው እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይሆን እንዴት እንደተባለ ነው። መምህራን አንድ ቃል በቀጥታ የሚያመለክተውን እማሬያዊ ፍቺ፣ ከዚያ አልፎ የሚቀሰቅሰውን ፍካሬያዊ ፍቺ ይሉታል። እሳት በእማሬው ምድጃ ውስጥ የሚነደው ነው፤ «ልጁ እሳት ነው» ሲባል ግን ውሃ ይዞ የሚሮጥ የለም።

የሰርግ ማግስት

ተነጻጻሪ ዘይቤ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ በ«እንደ» ያስራቸዋል። «ያህል»፣ «መሰለ»፣ «አከለ» የሚሉትም ለዚሁ ያገለግላሉ። ስለ እናቲቱ ቤት ለመጻፍ ብዕር ያነሳ ጀማሪ ቀድሞ የሚመጣለት ይህ ነው፦

«ቤቱ እንደ መቃብር ጸጥ አለ።»

ስሕተት የለበትም። ነገር ግን አንባቢው መቃብሩን አያየውም። ንጽጽሩን ብዙ ጊዜ ሰምቶታልና ዓይኑ «ጸጥ አለ» የሚለው ላይ ብቻ አርፎ ያልፋል። «ጥርሷ እንደ ወተት ነጭ»፣ «እንደ አንበሳ ጀግና» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው፤ ወተቱም አንበሳውም ከዓረፍተ ነገሩ ከወጡ ቆይተዋል። ይህኛውን ደግሞ እንሞክር፦

«ቤቱ በሰርግ ማግስት እንዳለ ዳስ ሆነ።»

እዚህ የሚታይ ነገር አለ። የጠወለገ ቄጠማ፣ እላይ በላይ የተደራረበ ወንበር፣ ትናንት ሲጨፈርበት አምሽቶ ዛሬ ውሻ የሚያነፈንፈው መሬት። የሚያስተሳስራቸው ክርም አንድ ብቻ አይደለም። ዳሱም ቤቱም ትናንት ሞልተው ነበር፤ ሁለቱም ባዶ የሆኑት መልካም ዕድል ተብሎ በታሰበ ነገር ነው፤ ከሁለቱም አንዲት ልጅ ተሸኝታለች። ጥሩ ተነጻጻሪ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ክሩ ከአንድ ይበልጣል፣ አንባቢውም ክሮቹን ራሱ ያገኛቸዋል። «በሰርግ ማግስት» የሚለውን አውጥተን «ቤቱ እንደ ዳስ ሆነ» ብንል ሁሉም ክር ይበጠሳል። ንጽጽሩን የተሸከመችው ያቺ «ማግስት» ናት።

ምሰሶው ሻንጣ ይዞ ወጣ

ተለዋጭ ዘይቤ «እንደ»ን ይጥላል። አንዱን ነገር ከሌላው ጋር ማመሳሰሉን ትቶ፣ ነው ይላል። «ልጅቱ እንደ ምሰሶ ነበረች» ያለ ሰው ሐሳብ እያቀረበ ነው፤ «ልጅቱ የቤቱ ምሰሶ ነበረች» ያለ ግን ፈርዷል። አርስቶትል ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ሥነ ግጥም ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ችሎታ ከሁሉ ያስበልጠዋል። ከሌላ ሰው የሚቀዳ አይደለም ይላል፤ በማይመሳሰሉ ነገሮች መካከል መመሳሰልን የሚያይ ዓይን ይጠይቃልና።

«የቤቱ ምሰሶ» ግን ዛሬ ማን ያየዋል? «የአገር ምሰሶ»፣ «የኢኮኖሚ ምሰሶ» እየተባለ በየስብሰባው ስለቆመ እንጨትነቱን ረስተነዋል። ጎጆ ቤት የሚያውቅ ሰው ምሰሶ ምን እንደሆነ ያውቃል። መሐል ላይ ቆሞ ጣሪያውን የሚሸከም ግንድ ነው፤ እሱ ከተነቀለ ግድግዳው ብቻውን አያዛልቅም። ጸሐፊው ያረጀውን ቃል ከመጣል ይልቅ እንጨቱን ሊመልስለት ይችላል፦

«የቤቱ ምሰሶ ዛሬ ጠዋት ሻንጣ ይዞ ወጣ። ጣሪያው ገና አልሰማም።»

አዲስ ዘይቤ አልፈጠርንም፤ የድሮውን አንድ እርምጃ አራመድነው። ምሰሶ ካለ ጣሪያ አለ፤ ምሰሶው ከወጣ ጣሪያው ሊወድቅ ነው። የሚመጣውን መከራ አንባቢው ከእናቲቱ ቀድሞ ያውቀዋል።

እውነቱን ለመናገር የምንናገረው አማርኛ ግማሹ ያንቀላፋ ተለዋጭ ዘይቤ ነው። መርፌ ዓይን አለው፣ ጠርሙስ አንገት አለው፣ ተራራ እግር አለው። ደጅ መጥናት በመኳንንት በር ላይ ሹመት ወይም ፍርድ ለማግኘት ቀን ከቀን መቆም ነበር፤ መኳንንቱ የሉም፣ እኛ ግን ለአንዲት ማኅተም ቢሮ ስንመላለስ ዛሬም ደጅ እንጠናለን። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፣ ስንቀየም በሆዳችን እንይዛለን፣ የማይነገር ሲገጥመን «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። ስናስተውል ደግሞ ልብ እንላለን። ስሜቱን ለሆድ፣ ማስተዋሉን ለልብ አከፋፍለናል። ሚኒሶታ ያደገ ልጅ አያቱ በስልክ «ሆዴ ባባ» ሲሉት «መድኃኒት ወሰዱ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ቃላቱን ያውቃቸዋል፣ ክፍፍሉን ግን አልወረሰም። ዘይቤ በጸሐፊና በአንባቢ መካከል ያለ የጋራ ጓዳ ነው። ጓዳው የጋራ ካልሆነ ዕቃው አይገኝም።

አልዞር ያለ ቁልፍ

ሰውኛ ዘይቤ ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ ይሰጣል። ሰማይ ያለቅሳል፣ ንፋስ ያፏጫል፣ ገበያ ይተኛል። አማርኛ ግን ለዚህ ዘይቤ ሰዋስዉ ውስጥ ሳይቀር ቦታ ለቆለታል። በር ሲጠብቅብን «አልከፈት አለ» እንላለን፤ መኪናው «አልነሳ አለ»፣ ዝናቡ «አልዘንብ አለ»፣ እንባው «አልወጣ አለ»። ቃል በቃል ከሄድን በሩ አፍ አውጥቶ እምቢ ብሏል። ይህን ስንል ዘይቤ እንደተጠቀምን አይታወቀንም።

ለጸሐፊ ትልቅ ስጦታ ነው። እናቲቱ ከቦሌ ተመልሳ ደጇ ላይ ስትቆም እንዲህ ብንል፦

«ቁልፉ አልዞር አላት።»

ማንም ከሥሩ አያሰምርበትም። ነገር ግን አንድ ነገር ተፈጽሟል። መግባት ያልፈለገችው እሷ ናት፤ እምቢታዋን ቁልፉ ተናገረላት። የሰውኛ ዋና ሥራው ይህ ነው፤ ሰው ሊናገረው ያልቻለውን ዕቃው ይናገርለታል። «ግድግዳዎቹ አለቀሱ» ብንል ግን ሥራው ተበላሸ፤ ዕቃው ከባለቤቷ በላይ ጮኸ።

አቤ ጉበኛ ይህን እምቢታ የአንድ ሙሉ መጽሐፍ መሠረት አድርጎታል። «አልወለድም» ውስጥ ተናጋሪው በማሕፀን ያለ ጽንስ ነው፤ የሚጠብቀውን ዓለም አይቶ መወለድን እምቢ ይላል። መጽሐፉ በንጉሡ ዘመን ታግዷል። አዋቂ ሰው በአደባባይ ሊለው የማይችለውን ገና ያልተወለደ አለው፤ አጋጆቹም ማን እየተናገረ እንደሆነ አልጠፋቸውም።

የሰውኛ የቅርብ ዘመድ እንቶኔ ነው። ሰውኛ ዕቃው እንዲያናግረን ያደርጋል፤ በእንቶኔ ደግሞ እኛ እናናግረዋለን። የሞተውን «አንተ» እያሉ የሚጠሩ አልቃሾች፣ ከበደ ሚካኤል ግጥም ውስጥ ማሲንቆውን ይዞ ለሞላ ወንዝ የሚዘፍነው አዝማሪ፣ ሁሉም መልስ ከማይሰጥ ጋር ይነጋገራሉ። እናቲቱ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ «አንተ ደግሞ ምን ይዘጋሃል?» ብትለው እንቶኔ ነው።

ቦሌ ሲባል

አሁን ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንመለስ። «ልጇን ቦሌ ሸኝታ ተመለሰች» ስንል ቦሌ ዘይቤ መሆኑን ልብ ብላችኋል? ቦሌ ሰፈር ነው፤ ሱቅ አለው፣ ካፌ አለው፣ ቀለበት መንገድ አለው። ማንም አንባቢ ግን ልጅቱ ካፌ ተሸኘች ብሎ አልገመተም። የሰፈሩ ስም የአውሮፕላን ማረፊያውን ተክቶታል። ምትክ ዘይቤ ይሉታል፤ አንድን ነገር ከእሱ ጋር በሚኖር ሌላ ነገር ስም መጥራት። «አራት ኪሎ ምን አለ?» ስንል መንግሥትን፣ «ዘውዱ ወደቀ» ስንል ንጉሣዊውን ሥርዓት ማለታችን ነው።

ክፍሉ ለሙሉው የሚቆምበትም አለ። «ስንት አፍ ልመግብ?» የሚል አባወራ ልጆቹን በአፋቸው ቆጠራቸው። ለምን በዓይናቸው ወይም በእግራቸው አልቆጠራቸውም? ያስጨነቀው እንጀራው ስለሆነ ነው። ልጆቹን እንደ ነፍስ የሚያይ ቢሆን «አምስት ነፍስ በእጄ ነው» ይል ነበር። ሁለቱም አባቶች አምስት ልጆች አሏቸው፤ የመረጡት ቃል ግን ሁለት የተለያዩ አባቶች አደረጋቸው። ምትክ ዘይቤ ከሁሉ ጸጥተኛው ነው፤ ጸሐፊው ከሙሉው ነገር የትኛውን ጫፍ እንደያዘ በማየት ብቻ ሚዛኑን እናውቃለን።

አገር የሚያህል ሻንጣ

ግነት በፉከራና በቀረርቶ የለመድነው ነው፤ በጨዋታም አንለየውም። ሺህ ጊዜ ነገርኩህ፣ ረኀብ ገደለኝ፣ በሳቅ ሞትኩ። ማንንም አያታልልም፤ ተናጋሪውም ሰሚውም መጠኑ እንዳለፈ ያውቃሉ። ኀዘን ላይ ግን ግነት አደገኛ ነው። «እንባዋ ጎርፍ ሆኖ ሰፈሩን አጥለቀለቀው» የሚል ጸሐፊ አንባቢውን ያስቀዋል፤ ባያስቀውም ያጠራጥረዋል።

የተሻለው መንገድ ግነቱን ኀዘኑ ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለ ዕቃ ላይ ማድረግ ነው። «ልጅቱ አገር የሚያህል ሻንጣ ይዛ ሄደች» እንበል። የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው፤ ፈገግ ያሰኛል። ቀጥሎ ሻንጣውን እንክፈተው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የእናት ነጠላ። ግነት የነበረው ቃል በሩን ከፍቶ ሲታይ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የያዘችው አገር ነው።

ምፀት ደግሞ ቃሉን ከሐሳቡ በተቃራኒ ያቆመዋል። ልጅ ብርጭቆ ሲሰብር «ጎበዝ! እንዲህ ነው እንጂ!» የሚባለው ነው። እናቲቱ ለዓመታት «ይህ ቤት ጠበበን» ስትል ኖራለች እንበል። ዛሬ ጎረቤት «እንዴት ዋልሽ?» ብላ ስትገባ እንዲህ ትላታለች፦

«ይኸው፣ ቤቱ ሰፋልኝ።»

ይህን ስትናገረው ብንሰማት ድምፅዋ ይነግረናል። ወረቀት ላይ ድምፅ ስለሌለ ምፀት በቀላሉ ይሳታል። የአማርኛ ጽሕፈት ለዚህ ሲባል ትእምርተ ሥላቅ የሚባል ምልክት አለው፤ ቃለ አጋኖን የገለበጡት ይመስላል (¡)፤ የተባለው በቁም ነገር እንዳይወሰድ ያስጠነቅቃል። ጎበዝ ጸሐፊ ግን ምልክቱን አይፈልገውም። «ቤቱ ጠበበን» የሚለውን ቀድሞ አንድ ገጽ ላይ ካስቀመጠ፣ «ሰፋልኝ» ሲደርስ አንባቢው ራሱ ይገለብጠዋል።

እዚሁ ላይ አያዎ ይጨመራል። ስሙ ራሱ «አይ»ንና «አዎ»ን በአንድ ትንፋሽ ይላል። እርስ በርሱ የሚጣላ የሚመስል፣ ሲያስቡት ግን የሚታረቅ አባባል ነው። ጎረቤቷ ከወጣች በኋላ «ባዶው ቤት ጠበባት» ብለን ብንጽፍ በስፋት ሕግ ሐሰት ነው፤ አንድ ሰው ጎድሎ ቤት እንዴት ይጠባል? ልጅ የሸኘ ግን ማስረጃ አይጠይቅም።

ሰሙ፣ ወርቁና ገና

ስለ ዘይቤ በአማርኛ ተጽፎ ሰምና ወርቅ ካልተነሳ ነገሩ ጎዶሎ ነው። ዶናልድ ሌቪን በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ባህል ላሳተሙት መጽሐፍ ርእስ ያደረጉትም ይህንኑ ነው። ቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ በግእዝ ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ጀምሮ እስከ መወድስ ሲወጣ የሚለማመደው ዋናው ነገር አንዱን ቃል ሁለት ቦታ ማዋል ነው።

ብዙ ጊዜ ሰም ሽፋን፣ ወርቅ እውነተኛው ይዘት ነው ይባላል፤ ሽፋኑን ገፍፎ መጣል ብቻ የሚቀር ይመስል። ስሙ የተወሰደው ከአንጥረኛ ነው፤ አንጥረኛውን ጠጋ ብለን እንየው። መስቀል ሊሠራ ሲያስብ መጀመሪያ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሐረጉንም ጫፉንም በሰሙ ላይ ይጨርሳል። ከዚያ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ቀዳዳ ይተውለታል፣ እሳት ላይ ያደርገዋል። ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠው ወርቅ ይፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር መስቀሉ ይገኛል። ወርቁ የራሱ መልክ አልነበረውም፤ መልኩን የሰጠው ሰሙ ነው። ሰሙ ላይ የተሳተች አንዲት መስመር ወርቁ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ዘይቤ ከላይ የሚደረብ ጌጥ ነው የሚለው ሐሳብ አንጥረኛው ቤት ሲደርስ ይወድቃል። ሐሳቡ የሚይዘው ቅርጽ ዘይቤው የተወለት ባዶ ቦታ ነው።

ፊደላችን ለዚህ ጨዋታ ምቹ ነው፤ መጥበቅና መላላትን አይጽፍምና። «ዋና» ጠብቆም ላልቶም በአንድ መልክ ይጻፋል፤ ሲጠብቅ ዋነኛ፣ ሲላላ ውሃ ውስጥ መዋኘት ነው። «ገና» ሲላላ አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። ለእናቲቱ ሁለት ስንኝ እንግጠምላት፦

«መምጫሽ መቼ ነው ስል፣ ገና ነው አለችኝ፤
ዶሮ ገዝቼ ቆየሁ፣ ደጅ ደጅ አሳየችኝ።»

ኅብረ ቃሉ፣ ማለትም ሁለቱንም ፍቺ የተሸከመው ቃል፣ «ገና» ነው። ልጅቱ በስልክ አላልታ ተናገረች፤ እናቲቱ አጥብቃ ሰማች። ሰሙ በዓል ነው፤ ዶሮ አለው፣ ደስታ አለው። ወርቁ ቀኑ አለመታወቁ ነው። ሰሙን ብቻ ያነበበ በቀጠሮ የቀረች ልጅ ያያል፤ ወርቁን ብቻ ያነበበ ደረቅ መልስ ይሰማል። ልብ የሚነካው ሁለቱ መካከል ያለው ነው፤ እናቲቱ የተሳሳተችው ስላልሰማች ሳይሆን እንዲያ መስማት ስለፈለገች ነው። ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ወረቀቱ ግን ሁለቱንም ይዞ ይቆያል።

ሲበዛ

ዘይቤ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መጋጨት ነው። «የኑሮ ውድነት ነበልባል ሕዝቡን አጥለቀለቀው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጋዜጣ ላይ ብናነብ አናስተውለው ይሆናል፤ ነበልባል ግን ያቃጥላል እንጂ አያጥለቀልቅም። ጸሐፊው ነበልባሉንም ጎርፉንም አላየም፤ ሁለት ዝግጁ ቃላት አንስቶ ገጠማቸው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የጻፉትን ዓይን ጨፍኖ ለመሳል መሞከር። ካልተሳለ ይሰረዛል።

ሁለተኛው መጨናነቅ ነው። እስካሁን ለዚህ ቤት የሰጠነውን ሁሉ እንደርድረው፦ የሰርግ ማግስት ዳስ የሆነው፣ ምሰሶው ሻንጣ ይዞ የወጣበት፣ ቁልፉ አልዞር ያለበት፣ አገር የሚያህል ሻንጣ የተለየው፣ ሰፍቶ የጠበበው ቤት። እያንዳንዱ ለብቻው ይሠራል፤ አብረው ሲቆሙ ግን እናቲቱ አትታይም፤ የሚታየው ጸሐፊው ነው። ከአምስቱ አንዱን መምረጥና አራቱን መጣል የጽሑፍ ከባዱ ሥራ ነው። ምርጫውን የሚወስነው የቱ ያምራል የሚለው ጥያቄ አይደለም። አንባቢው በዚህ ሰዓት ምን ማየት አለበት የሚለው ነው፤ ውድቀቱን ከሆነ ምሰሶውን፣ ፍርሃቷን ከሆነ ቁልፉን፣ ተስፋዋን ከሆነ ገናን።

ምንም አለመምረጥም ይቻላል። «ቤቱ ባዶ ነው» ብለን የጀመርነውን ዓረፍተ ነገር ደግመን እንየው። ደረቅ ብለነው ነበር። ግን ቤቱ ባዶ አይደለም። አልጋ አለ፣ መሶብ አለ፣ ግድግዳው ላይ ፎቶ አለ፣ ረከቦቱ ላይ ሁለት ስኒ አለ። እናቲቱ ራሷም እዚያው ናት። ባዶ የሆነው ሌላ ነገር ነው፤ አማርኛ ቤትንና ሰዉን ለይቶ ስለማያውቅ፣ ቤተሰብን እንኳ በቤት ስም ስለሚጠራ፣ ስለ ግድግዳ የተናገርን መስሎን ስለ እሷ ተናግረናል። ያ ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ዘይቤ ነበር። ፈተና ላይ ቢመጣ ግን «እንደ» የለውም፣ ድንጋይም አይናገርበትም፤ ዘይቤ የለውም ብለን እናልፈው ነበር።